ከእባብ መርዝ ስለ ተገኘ የልብ መድኃኒት

ባለፈው ሰሞን አንድ ወዳጃችን ከውጭ አገር ያስመጣትን አንዲት ትንሽ ብልቃጥ አሳየን። ለልብ ብርታት ትሰጣለች ተብሎ የተሸጠችለት ናት፤ ነገር ግን በጎኗ ላይ በደቃቅ ፊደል «ለቤተ ሙከራ ምርምር ብቻ፤ ለሰው አይሰጥም» የሚል ተጽፎባታል። እርሱ ለአረጋዊት እናቱ በመርፌ ሊያሰጣቸው አስቦ ኖሮ ምክር ጠየቀን። እኛ ሐኪም አይደለንም፤ ሆኖም ጽሕፈት አንብቦ ማስረዳት የዘወትር ሥራችን ነውና፥ ይህ ፔፕታይድ የሚባለው ነገር ምን እንደ ሆነ ለአንባቢዎቻችን ጥቂት ልንጽፍ ወደድን። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እናደርጋቸዋለን።

ፔፕታይድ ማለት አሚኖ አሲድ የሚባሉት ደቂቅ ነገሮች እንደ ጨሌ ተሰክተው የሚሆኑት አጭር ሰንሰለት ነው። ሊቃውንት ዛሬ ይህን ሰንሰለት በቤተ ሙከራ አንድ በአንድ እየሰኩ ለመሥራት ይችላሉ።

ከዚህ ጥበብ ለልብ የተገኘው ትልቁ ጥቅም የመጣው ማንም ከማይጠረጥረው ስፍራ፥ ዣራራካ ከሚባለው ከብራዚል እፉኝት መርዝ ነው። በ1948 ሮሻ ኢ ሲልቫ የተባለው ብራዚላዊ ሊቅ ከባልንጀሮቹ ጋራ ሆኖ፥ ይህ መርዝ ከደም ጋራ ሲገናኝ ብራዲካይኒን የሚባል፥ የደም ሥርን የሚያሰፋ ነገር እንደሚወጣ አገኘ። የአገሩ ሰው ሰርዢዮ ፌሬይራም በ1965 በዚያው መርዝ ውስጥ የብራዲካይኒንን ኃይል የሚያበረታ ነገር እንዳለ ገለጠ፤ ኋላም ይህንኑ ይዞ ሎንዶን ወደሚገኘው ወደ ጆን ቬይን ቤተ ሙከራ ሄደ። በዚያም ሲመረመር፥ የደም ሥርን የሚያጠብበውን ነገር የሚያዘጋጀውን ኤንዛይም የሚገታ ሆኖ ተገኘ። ገዳዩ መርዝ የመድኃኒት በር ከፈተ።

በአሜሪካ በስኩዊብ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ኩሽማንና ኦንዴቲ፥ ከመርዙ ፔፕታይዶች አንዱን፥ ዘጠኝ አሚኖ አሲድ ያለውንና ቴፕሮታይድ የተባለውን፥ እባብ ሳያስፈልጋቸው ሠሩት። የደም ግፊት ላለባቸው ሰዎች በመርፌ ሲሰጣቸው ግፊቱ ወረደላቸው። በአፍ ቢዋጥ ግን ሆድ እንደ ሥጋ ቁራጭ ፈጭቶ ስለሚፈጀው አይረባም፤ ዕድሜ ልኩን ሲወጋ ለመኖርስ ማን ይታገሣል? ስለዚህ ሊቃውንቱ የሰንሰለቱን ጫፍ መነሻ አድርገው፥ በ1975 ካፕቶፕሪል የሚባል፥ የሚዋጥ ትንሽ መድኃኒት ሠሩ፤ በ1981ም በአሜሪካ ተፈቀደ። የዚህ ወገን የሆነው ኤናላፕሪል ልባቸው እጅግ በደከመ 253 ሕሙማን ላይ ተፈትኖ ውጤቱ በ1987 ታተመ፤ በስድስት ወር ውስጥ መድኃኒቱን ካልወሰዱት ከመቶ 44 ሲሞቱ፥ ከወሰዱት ግን ከመቶ 26 ሞቱ። በአገራችን ሐኪም ቤቶችም ይሰጣል። እርጉዝ ሴት ግን ልትወስደው አይገባም፤ ፅንሱን ይጎዳልና።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ የሚቀና አይደለም። ልብ ራሱ የሚያመነጨውን ፔፕታይድ አስመስለው የሠሩት ኔሲሪታይድ በ2001 በአሜሪካ ተፈቅዶ ለብዙ ሕሙማን ተሰጠ፤ በ2011 ከ7000 በሚበልጡ ሰዎች ላይ የተደረገው ፈተና ግን ሞትን እንደማይቀንስ አሳየ። ያውም የተፈቀደው ነው፤ የወዳጃችንን ብልቃጥ ማን መረመራት? በውስጧ ያለው በላይዋ የተጻፈው መሆኑንስ ማን መሰከረ?

ይህን ሁሉ ስንነግረው ጥቂት ዝም አለ። ከዚያም ብልቃጧን በመሐረብ ጠቅልሎ ኪሱ ከተታትና፥ እናቱን ወደ ልብ ሐኪም የሚወስድበትን ቀን ቆረጠ።