ለዕቃው ብቻ ሳይሆን ለፍለጋውም እንክፈል

የሚመላለስ የኤሌክትሪክ ብልሽት ያለበት አሮጌ ፒካፕ ጋራዥ ሲደርስ ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ነው። መንገድ ላይ ከነጭነቱ ድንገት ጠፍቶ ነበር፤ ሹፌሩ ኮፈኑን ከፍቶ ገመድ ሲነካካ ቆይቶ ቁልፉን ሲያዞረው ግን ምንም እንዳልሆነ ተነሳ። ትኩሳቱ ከበረደለት በኋላ ሐኪም ፊት የቀረበ በሽተኛ ይመስላል፤ የሚነገርለት እንጂ የሚታይበት ነገር የለም። ቀጥሎ የሚሆነውን ባለመኪና ሁሉ ያውቀዋል። መጀመሪያ ባትሪ ይቀየራል። እንደገና ሲጠፋ ዲናሞው፣ ከዚያ ሞተሪኖው፣ ከዚያ የቁልፉ ቤት ይጠረጠራል። መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ተመላልሶ የሦስት የአራት ዕቃ ዋጋ የከፈለው ሰው በመጨረሻ መኪናውን «መላ የለውም» ብሎ ለመሸጥ ይነሳል፤ ገዢው ደግሞ ያንኑ ብልሽት ይረከባል። ለዚህ ኤሌክትሪሺያኖቻችንን መውቀስ ቀላል ነው። እኔ ግን ዋናው ጥፋት በአከፋፈላችን ላይ ነው እላለሁ። ለዕቃና ለመግጠሚያ እንከፍላለን፤ ብልሽቱን ለመፈለግ ለጠፋው ጊዜ ግን አንከፍልም። ያልተከፈለበት ሥራ ደግሞ አይሠራም።

ፍለጋው ጊዜ የሚፈጅበት ምክንያት ካልገባን ለምን እንደምንከፍልበትም አይገባንም። ኤሌክትሪክ ከባትሪው ፖዘቲቭ ወጥቶ ሥራውን ከሠራ በኋላ በሞተሩና በሻንሲው ብረት በኩል ወደ ኔጋቲቩ ይመለሳል። በዚህ የመመለሻ መንገድ ላይ ሞተሩን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኝ የመዳብ ገመድ አለ፤ ዘመኑን የሚጨርሰው በዘይት፣ በጭቃና በንዝረት መካከል ነው። የታሰረበት ቦታ ሲዝግ የሚጨምረው ተቃውሞ 0.01 ኦም ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህን ተራ ቴስተር በትክክል አይለካውም። ሞተሪኖው ግን የናፍጣ ሞተር ሲያስነሳ 200 አምፒርና ከዚያም በላይ ይስባል፤ 200 በ0.01 ሲባዛ 2 ቮልት ነው። ባትሪው ከሚሰጠው ውስጥ 2 ቮልቱ በዛገች አንዲት ማሰሪያ ላይ ቀረ ማለት ነው። ሞተሪኖው «ጠቅ» ብሎ ዝም ይላል፣ ባትሪው ይወቀሳል። ውስጡ ተበጣጥሶ አንድ ቀጭን ክር ብቻ የቀረው ገመድም እንዲሁ ነው፤ ጭነት ሳይኖርበት ሲለካ ቴስተሩ «ደህና ነው» ይላል፣ ጭነት ሲመጣበት ግን አይችልም። ስለዚህ ገመድ የሚፈተነው በሥራ ላይ እያለ ነው። የቴስተሩ አንድ ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላው የሞተሩ ብረት ላይ ተደርጎ ረዳቱ ቁልፉን ሲያዞር የሚታየው ቁጥር ከግማሽ ቮልት ካለፈ የመመለሻው መንገድ ታሟል። ይህ ፍተሻ ደቂቃዎችን እንጂ ሰዓታትን አይወስድም፤ ብዙ ባትሪዎችና ሞተሪኖዎች ግን ይህ ሳይደረግ ተጥለዋል።

ከባዱ ሥራ የሚጀምረው ብልሽቱ ጋራዥ ውስጥ አልታይ ሲል ነው። የቆየውን ቶዮታ ሃይሉክስ፣ ያንን 2.4 ወይም 2.8 ሊትር ናፍጣ ሞተር ያለውን፣ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ይህ ሞተር አንዴ ከተነሳ በኋላ ከኤሌክትሪክ የሚፈልገው በጣም ጥቂት ነው፤ ፖምፓው ላይ ያለው የነዳጅ መዝጊያ ሶሌኖይድ 12 ቮልት እስካገኘ ድረስ ይሠራል፣ ሲቋረጥበት ነዳጁ ይዘጋና ሞተሩ ይጠፋል። እንግዲህ መኪናው መንገድ ላይ ሲጠፋ መካኒኩ «ኤሌክትሪክ ነው» ይላል፣ ኤሌክትሪሺያኑ «ፖምፓው ነው» ብሎ ይመልስለታል፣ ባለመኪናው በሁለቱ መካከል ይመላለሳል። ክርክሩን የምትፈታው አንዲት ትንሽ አምፖል ናት። ከሶሌኖይዱ ገመድ ላይ ተቀጥላ ሹፌሩ ፊት ትቀመጣለች፤ መኪናው በተለመደው መንገዱና በተለመደው ጭነቱ ይሄዳል። ሞተሩ ሲጠፋ አምፖሏም አብራ ከጠፋች ችግሩ ከቁልፉ ቤት፣ ከፊውዙ ወይም ከመካከሉ ገመድ ነው። በርታ ከቀረች ገመዱን መፈልፈል ትቶ ወደ ነዳጁና ወደ ፖምፓው መሄድ ነው። ሌላም ዘዴ አለ። አንድ ፊውዝ አልፎ አልፎ የሚቃጠል ከሆነ በፊውዙ ቦታ የፊት መብራት አምፖል ይገባል፤ ገመዱ ከብረት ጋር ሲነካካ አምፖሉ ደምቆ ይበራል፣ ኤሌክትሪኩንም ይገታል። ኤሌክትሪሺያኑ ከዳሽቦርዱ ጀምሮ ገመዱን እያወዛወዘ ሲሄድ አምፖሉ ብልጭ ያለበት ቦታ የተላጠው ቦታ ነው። ይህ ሁሉ ትዕግሥት ይጠይቃል። የሚለወጥ ዕቃ ላይገኝም ይችላል፤ ሥራው አንድ ማሰሪያ በብርጭቆ ወረቀት አጽድቶ በማጥበቅ ያልቅ ይሆናል። በዛሬው ልማዳችን እንዲህ ያለውን ግኝት ይዞ የመጣ ባለሙያ የሚጠይቀው ሒሳብ የለውም።

ዕቃ መቀየርን የሚደግፍ ሰው «ብዙ ጊዜ ሲቀየር ይድናል» ይላል። እውነት ነው፣ ይድናል፤ ግን ለምን እንደዳነ እንመርምር። ዲናሞ ሲቀየር የባትሪው ገመድ ይፈታል፣ የዲናሞው ሶኬት ይነቀላል፣ ተመልሶ ይገጠማል፣ ብሎኖች ይጠብቃሉ። የተነቀለና የተሰካ ሶኬት ላዩ ላይ የነበረው ዝገት ይፋቃል፣ ለሳምንታትም በደንብ ይነካካል። ያዳነው አዲሱ ዲናሞ ነው ወይስ የሶኬቱ መነቀል? ብልሽቱ ክረምት ሲገባ ወይም ኮረኮንች መንገድ ላይ ሲመለስ መልሱ ይታወቃል፤ ያኔ ግን አሮጌው ዲናሞ ተሽጧል። በዚህ ምክንያት አንድ ዕቃ ከመቀየሩ በፊት የተለካ ቁጥር መኖር አለበት። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ 13.8 እስከ 14.4 ቮልት ካለ ዲናሞውን በዚያ ቀን መክሰስ አይቻልም።

የበለጠ የሚከብደኝ ተቃውሞ የኪስ ጉዳይ ነው። በፒካፑ ሽንኩርትና ሲሚንቶ እያመላለሰ የሚያድር ሰው ሊገኝ ላልተረጋገጠ ነገር እንዴት ይከፍላል? ባለሙያው ቁጭ ብሎ ሰዓት ቢቆጥርበትስ? ሥጋቱ ተገቢ ነው፤ እኔም የምለው ያለ ገደብ ይከፈል አይደለም። የፍለጋው ዋጋ ሥራው ሳይጀመር ስምምነት ይደረግበት፣ ጣሪያም ይኑረው፤ በምትኩ ባለመኪናው የተለካውን በጽሑፍ ይቀበል። እንዲያውም ማታለል የሚከብደው በዚህ በኩል ነው። የቴስተር ንባብ ባለመኪናው በዓይኑ የሚያየው ነገር ነው፤ ከጥገናው በፊት 2 ቮልት የነበረው ከጥገናው በኋላ ከግማሽ በታች ሲወርድ ማንም ሊክደው አይችልም። አሮጌው ሞተሪኖ በእርግጥ ሞቶ እንደነበር ግን ባለመኪናው በምን ያረጋግጣል?

«እነዚህ መኪኖች ሊጠፉ ነው፣ ወደፊት ሁሉም በኮምፒውተር ይታያል» የሚለውን ብዙም አልቀበለውም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ዕድሜያቸው በገፋ ያገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ምትኩ ሲወደድ ያለው መኪና ይቆያል፤ ገመዱም አብሮ ያረጃል። የገመዱ ልባስ ይደርቃል፣ ለአላርም፣ ለቴፕና ለተጨማሪ መብራት ተብሎ በየዘመኑ የተቀጠለው ሁሉ በናስትሮ ሥር ይዝጋል። ኮምፒውተሩም ቢሆን በአዲሶቹ መኪኖች ላይ የሚናገረው የትኛው መስመር እንደተቋረጠ እንጂ የትኛው ሶኬት እንደላላ አይደለም። የኤሌክትሪክ መኪናም ከትልቁ ባትሪው ሌላ 12 ቮልት ባትሪ፣ ፊውዝና ከሻንሲ ጋር የሚታሰር ገመድ አለው። ዛሬ በሃይሉክስ ላይ መፈለግን ያልተማረ ልጅ ነገ እዚያም ዕቃ ቀያሪ ነው የሚሆነው።

ጉዳዩን ከገንዘብ በላይ የሚያደርገው ደግሞ የሰው ሕይወት ነው። በእነዚህ ናፍጣ ሃይሉክሶች ላይ ለፍሬኑ አጋዥ አየር የሚስበው ፓምፕ ከዲናሞው ጀርባ ነው የተገጠመው፤ ሞተሩ ሲጠፋ እሱም ይቆማል። በአጋዡ ውስጥ የተጠራቀመው ኃይል ለጥቂት ጊዜ ፍሬን ለመርገጥ ብቻ ይበቃል፤ መሪውም አጋዥ ያለው ከሆነ ይከብዳል። የዓባይ በረሃን ቁልቁለት ከነጭነቱ የሚወርድ ሹፌር ላይ ይህ ሲደርስ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ከዚህ የማይተናነሰው ደግሞ የሚቃጠለው የ15 አምፒር ፊውዝ መነሻው ሳይፈለግ በ30 መተካቱ፣ ሲብስም በመዳብ ሽቦ መታሰሩ ነው። ያኔ ፊውዙ መቃጠሉን ይተዋል፤ በእሱ ፈንታ የሚግለው ከዳሽቦርዱ ሥር ያለው ገመድ ነው። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ጊዜ አተርፍልሃለሁ ቢልም ለባለመኪናው እሳት እያስቀመጠለት ነው፤ በዚህ ላይ ይሉኝታ ሊያዘን አይገባም።

ስለዚህ ለውጡ ከደረሰኙ ይጀመር። ጋራዦች ከ«ዕቃ» እና ከ«የእጅ ዋጋ» በተጨማሪ «ፍተሻ» የሚል መስመር ይክፈቱ፤ ከሥሩም የት ተለካ፣ ስንት ቮልት ተገኘ፣ ከጥገናው በኋላስ ስንት ሆነ የሚለው ይጻፍ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በተግባር ፈተናቸው ላይ ሆን ተብሎ የተደበቀ ብልሽት ያለበት መኪና ያቅርቡ፤ ተማሪው ብልሽቱን በማግኘቱ ብቻ ሳይሆን ለማግኘት በሄደበት ቅደም ተከተልም ነጥብ ይያዝለት። ሹፌሩም የድርሻውን ይዞ ይምጣ። ሞተሩ ሲጠፋ ግሎ ነበር ወይስ ገና ቀዝቃዛ፣ ዝናብ ነበር ወይ፣ ኮረኮንች ላይ ነበር ወይስ አስፋልት ላይ፣ የዳሽቦርዱ መብራቶች አብረው ጠፉ ወይስ በርተው ቀሩ? ይህን እዚያው በስልኩ ጽፎ የመጣ ሹፌር የፍለጋውን ሰዓት ይቀንሳል፤ የሚከፍለውንም እንዲሁ።