ዓይኗ አልነበረም

እናቴ ዳዊት መድገም ያቆመችው ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ የዕለቱን ሳታደርስ እህል ውኃ የማትቀምስ ሴት፣ አንድ ሰሞን መጽሐፏንም ስልኳንም ትታ በቃሏ የምታውቀውን ብቻ እያነበነበች መቀመጥ ጀመረች። ምን ሆነሽ ነው ስላት መልሷ አጭር ነበር። «ዓይኔ ነው ልጄ። ደከመ።»

ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው። ማንም የሚቀበለው ምክንያት ነው፤ እኔም ተቀበልኩ።

ጠረዙ ያረጀው መጽሐፏ ፊደሉ ደቃቅ ስለሆነ ከሦስት ዓመት በፊት ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ ስልክ ልካላት ነበር። ዳዊቱን ጫንንላት። በሁለት ጣቷ ከፈት ስታደርገው ፊደሉ እንደሚያድግ ያየች ዕለት የነበረውን ፊቷን አልረሳውም። ሁለት ዐቢይ ጾም በዚያ ስልክ አለፈ። ከዚያ ታኅሣሥ ላይ ስልኩ ከማድ ቤት ጠረጴዛ ወድቆ መስታወቱ ተሰነጠቀ። ለሰፈራችን ቅርብ ወደሆነ ጥገና ቤት ወሰድኩት፤ ልጁ አርባ ደቂቃ ሳይሞላ ስክሪኑን ቀይሮ አስረከበኝ። «ኦሪጅናል ነው?» አልኩት። «ኦሪጅናል ነው ጋሼ፤ ይኸው ያበራል» አለኝ። እውነትም ያበራል። ከፍዬ፣ አመስግኜ ሄድኩ።

ዓይኔ ያለችውን ሰምቼ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሟ ጊዜ ወስዳ አየቻት፤ ጠብታ ጨመረችላት፣ የዓይኗን ግፊት ለካች፣ ሞራ እንዳለ ፈለገች። የመነጽሯ ቁጥር እንኳ አልተለወጠም ነበር። እናቴ ግን ከዚያ የወጣችው አዝና ነው። ስም ያለው በሽታ ቢገኝላት መድኃኒት ይኖረው ነበር፤ ስም የሌለው ድካም ግን እርጅና ነው ብላ ደመደመች።

ነገሩ የተገለጠልኝ አንድ ምሽት መብራት ሲጠፋ ነው። ሻማ እስክናገኝ የሁለታችንንም ስልኮች አበራሁ። ሁለቱም ላይ ሰዓቱ በጥቁር መደብ ላይ ወጣ። የእኔ ስልክ ጥቁሩ ከክፍሉ ጨለማ ጋር አንድ ሆኖ ቁጥሮቹ ብቻ አየር ላይ የተንጠለጠሉ መሰሉ። የእሷ ግን ዳር እስከ ዳር አመድማ ብርሃን ይረጫል፤ ጥቁር የተባለው ሁሉ ግራጫ ነው። ስልኩ አዲስ እያለ እንዲህ እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ መመርመር ጀመርኩ።

ለማያውቅ ሰው እንዲገባ ላስረዳ። የስልክ ስክሪን በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። ኤልሲዲ የሚባለው ራሱ አያበራም፤ ከጀርባው መብራት አለ፣ ፊቱ ላይ ያሉት ነቁጦች ያን መብራት እንደ መስኮት መጋረጃ ከፈት ዘጋ ያደርጉታል። መጋረጃው ሙሉ ለሙሉ ስለማይዘጋ ጥቁሩ መቼም ጥቁር አይሆንም። ሁለተኛው ኦሌድ ነው፤ እያንዳንዷ ነቁጥ የራሷ መብራት ናት፣ ጥቁር ሲፈለግ ጭራሹን ትጠፋለች። የኮዳክ ኩባንያ ተመራማሪዎች ቺንግ ታንግ እና ስቲቨን ቫን ስላይክ እ.ኤ.አ. በ1987 በሥራ ላይ ሊውል የሚችል የመጀመሪያውን ኦሌድ አስተዋወቁ፤ ዛሬ ዋጋቸው ከፍ ያለ ስልኮች ከሞላ ጎደል ሁሉም በዚህ ነው የሚሠሩት። የእናቴ ስልክም ከፋብሪካው የወጣው በኦሌድ ነበር። ጥገና ቤቱ የገጠመለት ግን በዚያው ቅርጽ የተሠራ፣ ዋጋው የዋናውን ግማሽ የማይሞላ ኤልሲዲ ነው። በጠጋኞች ቋንቋ ኢንሴል ይሉታል። ኢንሴል በራሱ መጥፎ ነገር አይደለም። ኦሪጅናል ነው ተብሎ ሲሸጥ ነው መጥፎ የሚሆነው።

ምን ተለወጠ? ነጩ ወደ ሰማያዊ አዘነበለ። በስክሪኑ ዙሪያ ያለው ጥቁር ክፈፍ ወፈረ። ባትሪው ድሮ እስከ ማታ ይደርስ የነበረው ከሰዓት በኋላ ያልቅ ጀመር። ከሁሉ የከፋው ግን ፊደሉ ነው። የዚህ ዓይነት መተኪያዎች ሁሉም ባይሆኑ አንዳንዶቹ የነቁጥ ብዛታቸው ከዋናው ያነሰ ነው። ስልኩ በወርዱ 1080 ነቁጥ አለኝ ብሎ ምስሉን ያዘጋጃል፤ ስክሪኑ ግን ያለው 720 ነው። ስለዚህ ለሦስት ነቁጥ የተሳለው በሁለት ነቁጥ ውስጥ መጠቅጠቅ አለበት። የጠራ ጥቁር መስመር ይሆን የነበረው ግማሹ ጥቁር ግማሹ ግራጫ ሆኖ ይቀራል።

የእኛ ፊደል ደግሞ ይህን አይችልም። ሰማን ከሸማ የሚለየው አናቱ ላይ የተጋደመች አንዲት ሰረዝ ናት። ደመረና ጀመረም የሚለያዩት በዚያችው ሰረዝ ነው። ቡ እና ቢን የምንለየው ቅጥሏ ከወገቡ ወጣች ወይስ ከእግሩ ብለን ነው። ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ቃሉን በጥቅሉ አይቶ ይገምትና ያልፋል። ለሚጸልይ ሰው ግን ግምት አይሆንም፤ እናቴ እያንዳንዱን ፊደል ነው የምታየው። ሰረዟ ስትደበዝዝባት ፊደሉን ታሳድጋለች፤ ሲያድግ በአንድ ገጽ የሚታየው ቃል ይቀንሳል፤ በየሁለት መስመሩ ማሸጋገር ይሰለቻታል። በዚያ ላይ ያ ሰማያዊ ነጭ አለ፤ ጎህ ሳይቀድ፣ ክፍሉ ጨለማ ሳለ፣ ፊቷ ላይ ይደፋባታል። ማንም ሰው ዓይኔ ደከመ ይላል።

ይህን ዓምድ የምጽፈው ለዚህች ቃል ስል ነው። ስክሪን ሲበላሽ እንደ ሌላ ዕቃ አይደለም። ጫማ ሲቀደድ ጫማው ተቀደደ እንላለን፣ ራዲዮ ሲንሿሿ ራዲዮው ተበላሸ እንላለን። ስክሪን ሙሉ በሙሉ ካልጠቆረ በስተቀር ግን ጥፋቱን ወደ ራሳችን ነው የምንወስደው። ዓይኔ ነው፣ ዕድሜዬ ነው፣ እንቅልፍ አጥቼ ነው። ጥገና ቤቱም፣ ሻጩም፣ አንዳንዴ አምራቹም የሚያመልጡት በዚህች ቀዳዳ ነው።

ከዚያ ወዲህ የሰው ስልክ ማየት ልማዴ ሆነ። በቀደም የተሳፈርኩበት ታክሲ ሾፌር ስልኩን መሪው አጠገብ ሰክቶ ቀኑን ሙሉ በካርታ ነው የሚሠራው። ቆመን ሳለ መልእክት ሊያነብ ካርታውን ሲዘጋው፣ ከነጩ ገጽ በስተጀርባ የካርታው ከላይና ከታች ያሉት ሰሌዳዎች እንደ ጥላ ተቀርጸው ቀርተዋል። ይህ የኦሌድ የራሱ ሕመም ነው። እያንዳንዷ ነቁጥ የራሷ መብራት ናት ብያለሁ፤ መብራት ደግሞ ያረጃል። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚበራው ከጎረቤቱ ቀድሞ ይደክማል፣ ከሁሉም ቶሎ የሚደክመው ሰማያዊው ነው። ፀሐይ በመስታወት በኩል ሲያርፍበት ሙቀቱ ይጨምራል፤ ለማንበብ ብሎ ሾፌሩ ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ይከፍተዋል፤ ያ ደግሞ እርጅናውን ያፋጥነዋል። «ዓይኔ መስሎኝ መነጽር ልገዛ ነበር» አለኝ። ይህንኑ ቃል ከሁለት ሰው ስሰማ ነው ለመጻፍ የቆረጥኩት።

ያገለገለ ስልክ የምትገዙ ሁሉ ይህን ፈልጉ። ሻጩ የሚያሳያችሁ በቪዲዮና በደማቅ ፎቶ ነው፤ ደማቅ ፎቶ ጥላውን ይሸፍነዋል። ሙሉ በሙሉ ግራጫ የሆነ ምስል ክፈቱ፤ የፊደል ሰሌዳ ወይም የሰዓትና የባትሪ ምልክት ቅርጽ ከበስተጀርባ ከታያችሁ ስክሪኑ ደክሟል። ከዚያ ሙሉ ጥቁር ምስል ክፈቱና በእጃችሁ ከልላችሁ እዩት። የስልኩ ሞዴል ኦሌድ መሆን እያለበት ጥቁሩ ካበራ ስክሪኑ ተቀይሯል ማለት ነው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

አምራቾቹም ንጹሕ አይደሉም፤ ልዩነቱ የሚጠይቃቸው መኖሩ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2017 ጎግል ፒክስል 2 ኤክስኤል የተባለውን ስልኩን ለገበያ አወጣ። ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ ገዢዎች ጮኹ፤ ስልኩን ዘንበል ሲያደርጉት ነጩ ሰማያዊ ይሆናል፣ አንዳንዶቹ ላይ ደግሞ የታችኛው ሰሌዳ ጥላ መታየት ጀምሯል። ኩባንያው መጀመሪያ የሰጠው መልስ ከሌሎች ተመሳሳይ ስልኮች የተለየ ነገር የለም የሚል ነበር። ጩኸቱ ሲቀጥል ግን የቀለም ማስተካከያ ጨመረ፣ ዋስትናውንም ወደ 2 ዓመት አራዘመ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የመጀመሪያውን ባለ ኦሌድ አይፎን ያወጣው አፕል ደግሞ ስክሪኑ በጎን ሲታይ ቀለሙ ትንሽ ሊለወጥ፣ በረዥም ጊዜም ጥላ ሊይዝ እንደሚችል አስቀድሞ በጽሑፍ አሳወቀ። ችግሩን ማንም አላጠፋውም። ገዢው ግን ዓይኔ ነው ብሎ እንዳይቀመጥ ስሙ ተነገረው።

ሌላም አለ፣ በአጭሩ ልለፈው። ብዙ የኦሌድ ስልኮች ብርሃናቸው ሲቀነስ የሚደበዝዙት በእውነት ደብዝዘው ሳይሆን በፍጥነት ብልጭ ድርግም እያሉ ነው፤ በብዙዎቹ በሰከንድ 240 ጊዜ ያህል። አብዛኛው ሰው አይታወቀውም፤ አንዳንዱን ግን ራሱን ያመዋል፣ ዓይኑን ያቃጥለዋል። ማታ በጨለማ ብርሃኑን እስከ ታች አውርደው የሚያነቡና ራስ ምታት የማይለቃቸው ሰዎች ለጥቂት ቀን የክፍሉን መብራት አብርተው፣ የስልኩን ብርሃን ከፍ አድርገው ይሞክሩት።

ወደ ጠጋኞቹ ልመለስ። ልጆቹን አልጠላቸውም፤ የሚሠሩት ሥራ ከባድ ነው፣ ገበያውም ጨክኖባቸዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙ ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ስክሪን ሁሉ ከውጭ ነው የሚመጣው። ዋናውን የኦሌድ ስክሪን ዋጋ ቢጠሩ ደንበኛው ደንግጦ ይወጣል፤ ስለዚህ ርካሹን ገጥመው የውዱን ስም ይጠሩለታል። እኔን ያስቆጨኝ የተገጠመው ነገር አይደለም። ገንዘቤ ለዚያ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ያንን እገዛለሁ፤ እናቴንም ስክሪኑ ከበፊቱ ያነሰ ነው፣ ዓይንሽ ደህና ነው እላት ነበር። በአንድ ውሸት ሁለት ወር ሙሉ በዓይኗ ተስፋ ቆረጠች።

ሕጉ አለ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። ዓይነት የምትለዋ ቃል የስልክ ስክሪንን ትጨምራለች ብዬ አምናለሁ። ጥገና ቤቶች ደረሰኛቸው ላይ «ስክሪን» ብለው ዋጋ ብቻ ከሚጽፉ፣ ከጎኑ ኦሌድ ወይም ኢንሴል፣ ከሌላ ስልክ የወጣ ወይም አዲስ ብለው ይጨምሩ። ሁለት ቃል ነው። እኛም ሳይጻፍ አንከፍልም እንበል፤ «ያበራል» የሚለውን መልስ ተቀብዬ የወጣሁት እኔ ነኝና ይህን ከራሴ ጀምሬ ነው የምለው።

የእናቴን ስልክ ወደ ሌላ ጠጋኝ ወሰድኩት። ይኼኛው ልጅ ሦስት ስክሪን ከመሳቢያ አውጥቶ፣ ሦስቱንም እያፈራረቀ ስልኩ ላይ ሰክቶ፣ ጥቁር ምስል ከፍቶ አሳየኝ። «ይኼ ኢንሴል ነው፣ ይኼ ኮፒ ኦሌድ ነው፣ ይኼ ከራሱ ስልክ የወጣ ነው፤ ትንሽ ጭረት አለው። የቱን ልግጠምልዎ?» አለኝ። ጭረት ያለውን መረጥኩ። ደረሰኙ ላይ ሳልጠይቀው ጻፈው።

እናቴ በማግሥቱ ሌሊት ደገመች። ስለ ስክሪኑ ሳስረዳት ዝም ብላ ሰማችኝና፣ መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ ስትወለውል ቆየች። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጎረቤታችን ዓይኗ እየከዳት መሆኑን፣ ማታ ማታ ልጇ የሚልክላትን መልእክት ማንበብ እንዳቃታት ስትነግራት እናቴ ቆም አለች።

«ስልክሽ ወድቆ ነበር እንዴ?» አለቻት። «ማነው የሠራልሽ?»