የውሽማ ዘፈን ነውርነቱ ለማን ነው?

ካንትሪ ሙዚቃ ሲነሳ የሚከተለውን ፌዝ አውቀዋለሁ። ባርኔጣ፣ ፒካፕ መኪና፣ ውሻ፣ ጠርሙስ፣ ጥላው የሄደች ሚስት። «የሰካራም ለቅሶ!» ይሉና ይንከተከታሉ። እኔ ግን ሰለቸኝ። ከሚስቁት መሃል አንድ ዘፈን እንኳ ጆሮ ሰጥቶ እስከ መጨረሻው ያዳመጠ ስንቱ ነው?

ከሁሉ የሚናቀው ደግሞ የውስልትና ዘፈን ነው። እሺ፣ በእሱው እንነጋገር።

እ.ኤ.አ. በ1952 ሃንክ ቶምሰን «ዘ ዋይልድ ሳይድ ኦፍ ላይፍ»ን ዘፈነ። ትዳሯን ትታ ወደ መጠጥ ቤት ሕይወት የተመለሰችን ሴት ይወቅሳል። አሜሪካ ወደደው። በቢልቦርድ የካንትሪ ሰንጠረዥ 15 ሳምንት አንደኛ ሆነ። ነውር ነው ያለ አልነበረም። ለምን ይበል? ጥፋተኛዋ ሴት ናታ!

በዚያው ዓመት ኪቲ ዌልስ መልስ ሰጠች። የ32 ዓመት ሴት፣ ባለትዳር፣ የልጆች እናት። «ኢት ዋዝንት ጎድ ሁ ሜድ ሆንኪ ቶንክ ኤንጅልስ» የተባለው ዘፈኗ ጣቱን ወደ ወንዱ አዞረ። ሴቲቱን ለዚህ ያበቃት ማን ነው? አለ። ምን ተደረገ? የኤንቢሲ ራዲዮ አላሰማም አለ። በቴነሲዋ ናሽቪል በሚገኘው ዝነኛው የካንትሪ መድረክ በግራንድ ኦል ኦፕሪም መጀመሪያ ላይ እንዳትዘፍነው ተከለከለች። የወንዱ ክስ ሳምንታት ሙሉ ሲንቆረቆር ጨዋ ነበር፤ የሴቷ መልስ ሲመጣ ብልግና ሆነ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች!

ሕዝቡ ግን አልተታለለም። ዘፈኑ አንደኛ ወጣ። ኪቲ ዌልስም በዚያ ሰንጠረዥ ብቻዋን ዘፍና አንደኛ የወጣች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። የሁለቱ ዘፈኖች ዜማ አንድ ነው፤ ሮይ ኤከፍ በ1930ዎቹ የዘፈነው «ዘ ግሬት ስፔክልድ በርድ» የተሰኘው መንፈሳዊ መዝሙርም ያንኑ ዜማ ይጋራል። ቅዳሜ ማታ መጠጥ ቤት የሚያንጎራጉረውና እሑድ ጠዋት የሚዘምረው ያው አንድ ሰው ነበራ! ኃጢአቱን ያውቀዋል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል፤ ካንትሪ ያንን የወጣውን ሳያሽሞነሙን ይዘፍነዋል።

«የነጭ ባላገር ሙዚቃ ነው» የሚሉም አሉ። ባንጆን ወደ አሜሪካ ያመጡት በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያን መሆናቸውን ማን ይንገራቸው? ለካንትሪው ኮከብ ለሃንክ ዊልያምስ ጊታር ያስተማረው ሩፈስ ፔይን የተባለ ጥቁር የመንገድ ሙዚቀኛ መሆኑንስ? ስለ ባለትዳር ሰው የውሽማ ፍቅር የሚያወራውን «ኢፍ ላቪንግ ዩ ኢዝ ሮንግ»ን ሉተር ኢንግራም በ1972 በጥቁር አሜሪካውያኑ የሶል ስልት ዘፈነው፤ ባርባራ ማንድሬል በ1979 በካንትሪ አንደኛ አወጣችው። ዘፈኑ ያው ነው። ታዲያ በሶል ሲሆን ጥልቅ ስሜት፣ በካንትሪ ሲሆን የገጠሬ ማልቀሻ የሚሆነው በምን ሚዛን ነው?

እኛስ? የካንትሪ ዘፋኙን ኬኒ ሮጀርስን በፍቅር ያዳመጠ ትውልድ አለን። የ1977ቱ «ሉሲል» ስለ ምንድን ነው? ባሏንና አራት ልጆቿን በመኸር ወቅት ጥላ መጠጥ ቤት ስለተገኘች ሴት ነው። አብሯት ሆቴል የሄደው ወንድ የባሏን ቃል አስታውሶ እጁን ይሰበስባል። ይህ ብልግና ማስተማር ነው? ይህ ኅሊና ነው! በትዝታ ቅኝት ዓይኑን ጨፍኖ የሚያነባ ሰው በቴነሲ እንባ የመሳቅ መብት ከየት አመጣ?

ውስልትናን ዘፈን አልፈጠረውም። ዘፈኑን ብታፍኑት ትዳር አይጠገንም፤ የሚታፈነው የተከዳው ሰው ድምፅ ብቻ ነው። ወስላታው በሰላም ይተኛል፤ ስሙ የሚጠፋው የሴቲቱ ነው።

እኔ የውሽማ ዘፈን እወዳለሁ፤ አላፍርበትም። እናንተም ውስጣችሁ ያውቀዋል፤ በሰው ፊት ለማለት ፈርታችሁ ነው። ከእንግዲህ በካንትሪ የሚያፌዝ ሲያጋጥማችሁ አብራችሁ አትሳቁ። «የትኛውን ሰምተህ ነው?» በሉት። መልስ ካጣ፣ የናቀው ይህን ዘፈን የራሱ ያደረገውን ድሃ ገበሬና የፋብሪካ ሠራተኛ ነው። ይህንኑ ፊት ለፊት ንገሩት።