መሳቢያችን ይመሰክርብናል

እኩዮቼ፣ ይህን የምጽፈው ለወጣቶቹ አይደለም። እነሱ ምክራችንን መስማት ከተዉ ቆይተዋል። የምጽፈው ለእኛ ነው፤ ማይክራፎን ፊት ለሸበትነው፣ በጣቢያው በር ላይ «ጋሼ፣ ይህቺን ስሙልኝ» እየተባልን ለኖርነው።

አምና ቢሮ ስንቀይር ጠረጴዛዬን ባዶ ማድረግ ነበረብኝ። የታችኛው መሳቢያ አልከፈት አለ። ታግዬ ሳወጣው አንድ ሲዲ ከኋላ ተሰንቅሮ ኖሯል። ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ፦ 61 ሲዲና 19 ፍላሽ። በአብዛኞቹ ላይ ስምና ስልክ በማርከር ተጽፎባቸዋል። አንዱ ልጅ «ጋሽዬ፣ ሦስተኛውን ትራክ» ብሎ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል። ሦስተኛውን አልሰማሁትም። አንደኛውንም አልሰማሁትም። ተቀብዬ፣ «አይዞህ እሰማዋለሁ» ብዬ፣ እዚያ ወርውሬው ነው።

በቀደም ቡና ስንጠጣ ከመካከላችን አንዱ «ልጆቹ እንደ ድሮው አያስቸግሩንም፤ እፎይ ብለናል» አለ። ሁላችሁም ሳቃችሁ። እኔ ግን ፈራሁ። ደጅ ጠኚ የጠፋበት ቤት ወይ ጌታው ደግ ሆኗል፣ ወይ ቤቱ ፈርሷል። እኛ ደግ እንዳልሆንን እናውቃለን።

ድሮ የነበረውን አትርሱ። አንድ ሬዲዮ ነበር፣ አንድ ገምጋሚ ኮሚቴ ነበር፣ ሳንሱር ነበር። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 በ1992 ዓ.ም. ሲመጣ፣ ከዚያም በ2000 ዓ.ም. ሸገር 102.1ን የመሳሰሉ የግል ጣቢያዎች ሲከፈቱ፣ «የጀማሪ ቀን ወጣለት» ያልነው እኛው ነን። በሩ በዛ፣ እውነት ነው። ዛሬ ግን ታክሲ ውስጥ ሾፌሩ ጣቢያ ሲቀያይር አዳምጡ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ያው ዘፈን እየተከተለው ይሄዳል። ያልሆነ እንደሆነ ደግሞ ትዝታ ነው፤ የእኛ ወጣትነት፣ የእኛ ሸክላ። እኔም አጫውታለሁ፣ እወደዋለሁም። ነገር ግን ያ የምናመልከው ሸክላ እንዴት እንደ መጣ ዘንግተነዋል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሸክላ ማሳተም የመንግሥት ብቸኛ መብት በነበረበት ጊዜ፣ አምሃ እሸቴ የተባለ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ልጅ ደፍሮ የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን አሳተመ። ከዚያ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቶ በላይ ሸክላ አወጣ። ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» እያልን የምንተርከው፣ በጊዜው ፈቃድ ያልነበረው የጀማሪ ሥራ ነበር። ፍላሹን ይዞ በር ላይ የሚቆመውን ልጅ ስናይ አምሃ ትዝ ይለናል?

አሁን ወደሚከብደው ልግባ። ስለ ገንዘብ።

የአየር ሰዓት ገዝቶ የሚሠራ ተባባሪ አዘጋጅ ወር በመጣ ቁጥር ኪራይ አለበት። ስፖንሰር ይጠፋል፤ ጣቢያው ግን ሒሳቡን አይረሳም። ያኔ ነው አንዱ ዘፈኑ እንዲተላለፍለት «ለቤንዚን» ብሎ ፖስታ የሚያቀብለው። ይሄ ችግር እንደሚገባኝ እወቁልኝ፤ ኖሬበታለሁ። ማስታወቂያ ከሆነ «ማስታወቂያ ነው» ብለን እናንሣው፣ ነውር የለውም። ነውሩ ተከፍሎን ስናበቃ «ሰሞኑን ጆሮዬን የያዘው ዘፈን» ማለታችን ነው። አድማጩ የሚያምነው ጆሯችንን ነበር፤ ሸጥንበት። ፖስታ የሌለውስ ልጅ? የመንደር ስቱዲዮ ውስጥ ብርድ ልብስ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ መብራት ሲሄድ እየጠበቀ የቀዳው ልጅ፣ የሚከፍለውን ከየት ያመጣል? «ሲሾም ያልበላ» የሚለውን ተረት እየጠቀሳችሁ አትመልሱልኝ፤ እኛ ሹመኞች አልነበርንም።

አለን ፍሪድ የሚባል አሜሪካዊ የሬዲዮ ሰው ነበር። ጆሮው የተባረከ ነበር። የጥቁሮቹን ሙዚቃ ለነጭ ወጣቶች በየምሽቱ እያጫወተ «ሮክ ኤንድ ሮል» የሚለውን ስም ሕዝብ አፍ ውስጥ ያስገባው እሱ ነው። ግን ከዘፈን አሳታሚዎች ይቀበል ነበር። በእነሱ አገር ይህንን «ፔዮላ» ይሉታል። በ1955 እ.ኤ.አ. በወጣው የቸክ ቤሪ «ሜይቤሊን» ዘፈን ላይ ከደራሲዎቹ አንዱ ተብሎ የፍሪድ ስም ሰፍሮ ነበር፤ የማጫወቻ ዋጋው እንደ ነበር ሲነገር ኖሯል። ነገሩ በምክር ቤት መመርመር ሲጀምር በ1959 ከጣቢያው ተባረረ። በ1962 ጥፋቱን አምኖ 300 ዶላር ተቀጣ። ቅጣቱ ከአንድ ጫማና ኮት ዋጋ ብዙ አይበልጥም ትሉ ይሆናል። ግን ዳግመኛ ሰው አላመነውም፤ በ1965 በ43 ዓመቱ ሞተ። ያ ሁሉ ጆሮ በ300 ዶላር መዝገብ ተዘጋ።

የእኛ ደግሞ የባሰ ነው ብዬ እሰጋለሁ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ሥራን በብሮድካስት ማሰራጨትን የባለመብቱ መብት አድርጎታል። ገንዘብ ከተነሣ ከጣቢያ ወደ ሙዚቀኛ ሊሄድ ነው የታሰበው። እኛ ከሙዚቀኛ ወደ ጣቢያ አዞርነው። በዚያ ላይ መግቢያውን በወሬ ሸፍነን፣ መጨረሻውን በማስታወቂያ ቆርጠን፣ ግጥሙ የማን፣ ዜማው የማን፣ ቅንብሩ የማን እንደሆነ ሳንናገር እናልፋለን። ለመናገር አሥር ሰከንድ አይፈጅም።

በ2011 ዓ.ም. አቀናባሪው ኤልያስ መልካና ጓደኞቹ «አውታር» የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ ሲያወጡ «የወጣት ሽርጉድ ነው» ያለ ሰው በመካከላችን ነበር። የሰማነው መሰለን እንጂ የተነገረን አልገባንም። «ከእናንተ በር ላይ ተነሥተናል» ነበር የተባልነው። ዛሬ ቲክቶክና ዩቲዩብ የቀረውን ጨርሰውታል። ለልጆቹ ግን ሁሉ ደግ ሆኗል አልልም፤ ስልክ ሰው አስቀድሞ የወደደውን መልሶ ያቀርብለታል። የማያውቀውን ዘፈን ሳይጠራው ጆሮው ላይ የሚያደርስለት፣ ወጥ ስትሠራ ሬዲዮ ከፍታ ለምትውለው ሴት ስሙ ያልታወቀ ልጅ የሚያስተዋውቅላት፣ አሁንም እኛ ልንሆን እንችላለን። ጥቂት ጊዜ ቀርቶናል፤ ብዙ አይደለም።

ከመሳቢያው ሲዲዎች እስካሁን 22ቱን ሰምቻለሁ። አብዛኞቹ አይረቡም፣ እውነቱን ልናገር። አራቱ ግን ከምናጫውተው ይበልጣሉ። ያሰመረበት ልጅ ከአራቱ አንዱ ነው። በሲዲው ላይ ባለው ስልክ ደወልኩ፤ ዘጠኝ ዓመት አልፎም ይሠራል። አሁን ራይድ ይነዳል። ማንነቴን ስነግረው ዝም አለ፤ ቆይቶ «ጋሼ፣ እኔ ጋ ዘፈኑ የለም። ኮምፒውተሬ ሲሰረቅ አብሮ ሄዷል፤ ቢልኩልኝ» አለ። አንድ ቅጂ ብቻ ቀርቶት ነበር፤ እሱንም የቆለፍኩበት እኔ ነኝ።

ሐሙስ ማታ ሦስተኛውን ትራክ እስከ መጨረሻው አጫወትኩት፤ የእሱን፣ ግጥሙን የጻፈለትን ጓደኛውንና ያቀናበረለትን ስም ጠርቼ። 39 ሲዲና 19 ፍላሽ ይቀሩኛል። እናንተም የየራሳችሁን መሳቢያ እስከ ታች ጎትቱት።