32 መቀነስ ይበቃል?

በሲ ቋንቋ ትንሹን የእንግሊዝኛ ፊደል ትልቅ ለማድረግ «32 ቀንስ» እያልን ልናስተምር አይገባም ባይ ነኝ። እርግጥ በአስኪ ሠንጠረዥ ትንሹ ኤ 97፣ ትልቁ 65 ነው፤ ሂሳቡ ልክ ነው። ግን ስሙን በአማርኛ የሚጽፍ ተማሪ አለን እኮ! ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም፤ በዩቲኤፍ 8 ደግሞ «ሀ» ብቻዋን 3 ባይት ትይዛለች። ከየባይቱ 32 የሚቀንስ ፕሮግራም ስሙን ያበላሸዋል።

«ታዲያ ከላይብረሪው ቱአፐርን መጥራት ነዋ!» ይባል ይሆናል። እሱም ብቻውን አይበቃም። ቱአፐር የሚቀበለው ኢንት ቢሆንም ቁጥሩ ከ0 እስከ 255 ወይም የፋይል መጨረሻ ምልክት መሆን አለበት። ቻር የሚባለው ዓይነት ግን በአንዳንድ ማሽን ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ያኔ የ«ሀ» የመጀመሪያ ባይት 225 መሆኑ ቀርቶ -31 ሆኖ ይገባል። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚመጣ የሲ ደንብ ራሱ አይወስንም። አስቀድሞ ወደ አንሳይንድ ቻር መለወጥ ያስፈልጋል።

«ተማሪው ይደናገራል» የሚሉኝ እጩ መምህራን አሉ። እንዴ! ከዜሮ በታች ያለ ቁጥር በሂሳብ ክፍለ ጊዜ የተማረ ልጅ በምኑ ይደናገራል? ሰሌዳው ላይ 225 እና -31ን ጎን ለጎን ጽፎ ማሳየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።