«በራሴ ነው የምሄደው» የሚል ልጅ በማን እንደሚሄድ እንጠይቀው



ዛሬ በጅግጅጋ፣ በቶጎ ውጫሌ፣ በቀብሪ በያህ፣ በአውበሬም ሆነ በሽንሌ ወጣት ባለበት ቤት ሁሉ አንድ ወሬ አለ፤ ውጭ አገር ሄዶ መሥራት። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰውም፣ ከትምህርት ቤት ያቋረጠውም፣ ባጃጅ የሚነዳውም ያወራዋል። ወሬው ወደ ቁም ነገር ሲለወጥ ጥያቄው ይህ ይሆናል፦ «በኤጀንሲ ልሂድ ወይስ በራሴ?»

ብዙው ወጣት «በራሴ» ይላል። ኤጀንሲ ያጉላላል፣ ወራት ያስጠብቃል፣ ገንዘብ ይበላል፤ በራስ መሄድ ግን ነፃነት ነው ብሎ ያስባል። እኔ ግን ከእኛ አካባቢ «በራሴ» የሚባለው መንገድ በአብዛኛው የለም እላለሁ። ያለው ስሙ የሚታወቅ ወኪልና ስሙ የማይታወቅ ወኪል ነው።

እስቲ መንገዱን እንከተለው። ታህሪብ የወጣ ልጅ በውጫሌ ድንበሩን ይሻገራል፣ ሐርጌሳን አልፎ ቦሳሶ ይደርሳል፤ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመን ደግሞ ወደ ሳዑዲ ድንበር ያቀናል። ሌላው በአዲስ አበባ አድርጎ በመተማ ወደ ሱዳን ይወጣል፣ በረሃውን አቋርጦ ሊቢያ ይገባል። በሲቲ ዞን በኩል የሚወጣው ጅቡቲን ያቋርጥና ወደ ኦቦክ ባሕር ዳርቻ ይወርዳል። በየደረሰበት የሚጠብቀው ሰው አለ። ከተማ ውስጥ ያግባባው ደላላ አለ፣ ድንበር የሚያሻግር አለ፣ የሚያሳድር አለ፣ መኪና የሚነዳ አለ፣ ጀልባ የሚጭን አለ። ሁሉም ድርሻውን ይወስዳል። ይህ ኤጀንሲ ካልሆነ ምን ሊባል ነው? ቅርንጫፍ አለው፣ ሠራተኛ አለው፣ ኮሚሽን ይበላል። የጎደለው ፈቃድ፣ የተጻፈ ውልና ሲጠየቅ መልስ የሚሰጥ ሰው ነው።

ሰኔ 3 ቀን 2016 ከቦሳሶ የተነሳ ጀልባ የመን ውስጥ ሸብዋ ጠረፍ አጠገብ ሰጠመ። ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት በማግስቱ እንዳስታወቀው ጀልባው 260 ሰው ጭኖ ነበር፤ 145ቱ ኢትዮጵያውያን፣ 115ቱ ሶማሊያውያን ናቸው። 49 ሰው ሞተ፣ 140 ሰው ጠፋ። አሏህ ይዘንላቸው። የእነዚያ ሟቾች ቤተሰቦች ወደ ማን ይሂዱ? ማንን ይክሰሱ? በእጃቸው ያለው የተዘጋ የስልክ ቁጥር ነው።

ከዚህም የከፋው «አሁን ሂድ፣ በኋላ ትከፍላለህ» የሚባለው ነገር ነው። ልጁ አምስት ሳንቲም ሳይዝ ይወጣል። ነፃ የተሰጠው ይመስለዋል። ሂሳቡ የሚመጣው ሊቢያ ሲደርስ ነው። እዚያ የሚቀበሉትን ሰዎች በሶማሊኛ «ማጋፌ» ይሏቸዋል፤ «የማይስት» ማለት ነው። ማጋፌ ልጁን ይዞ ወደ ቤት ይደውላል። እናት የልጇን ጩኸት በስልክ ትሰማለች። ከዚያ ግመል ይሸጣል፣ መሬት ይሸጣል፣ ሱቅ ይዘጋል፣ ከጎሳው መዋጮ ይሰበሰባል። ልጁ «በራሴ» ብሎ ወጣ፤ ከፋዩ ግን ቤተሰቡ ሆነ። ሳይጠየቁ፣ ሳይስማሙ፣ መጠኑን ሳያውቁ ባለ ዕዳ ሆኑ።

ወንድሞች፣ በዲናችን ዋጋው ያልታወቀ፣ ዕቃው ያልታየ ሽያጭ ገረር ነው ተብሎ የተከለከለ ነው። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አያ፣ የሱረቱል በቀራ 282ኛው፣ የሚናገረው ስለ ዕዳ ነው፤ ይጻፍ፣ ጊዜው ይወሰን፣ ምስክር ይቁም እያለ ያዛል። አንድ በግ ስንገዛ ጥርሱን አይተን የምንገዛ ሰዎች የልጃችንን ሕይወት በምን ሒሳብ ሳናይ እንሰጣለን? «ተወኩል ነው» የሚል ካለ፣ ግመሉን ሳያስር ተወከልኩ ስላለው ሰው የተነገረውን ሁላችንም እናውቃለን። ወደ ሐበሻ የተሰደዱት ሶሓቦችም ቢሆኑ ወዴት አገር እንደሚሄዱና በየትኛው ፍትሐዊ ንጉሥ ጥላ ሥር እንደሚያርፉ ተነግሯቸው ነው የወጡት።

አሁን ደግሞ ለወጣቱ ፍትሕ እንስጥ። በኤጀንሲው ላይ የሚያነሳው ቅሬታ ከመሬት የተነሳ አይደለም። በሕጋዊው መንገድ ወደ ዐረብ አገር የሚወጣው ሥራ በብዛት የቤት ሠራተኝነት ነው፤ ለሴቶች ነው። ለወንዱ በሩ ጠባብ ነው። ኤጀንሲዎቹም በአብዛኛው ያሉት አዲስ አበባ ነው፤ ከጅግጅጋ ለሚሄድ ሰው የአውቶቡስና የአልጋው ወጪ ብቻ ያደክማል። በሕጋዊ ውል ሄደው ደሞዝ የተከለከሉ፣ ፓስፖርታቸው የተወሰደባቸው እህቶችም አሉ። ይህን ሳያምኑ «በሕጋዊ መንገድ ሂዱ» ብሎ መስበክ ለወጣቱ ባዶ ቃል ነው።

ይሁን እንጂ ልዩነቱ ጥፋት ሲደርስ ይታያል። በአዋጅ ቁጥር 923/2008 (በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1246/2013 ተሻሽሏል) መሠረት የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የመድን ወጪ የአሠሪው ነው። ሠራተኛው የሚከፍለው የፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራ፣ የክትባት፣ የልደት ሰርተፊኬት፣ ከወንጀል ነፃ የመሆን ማስረጃና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ወጪዎችን ነው። ስለዚህ «ኤጀንሲ ነኝ» ብሎ የቪዛና የቲኬት ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ሕግ እየጣሰ ነው። ሌላም አለ። ኤጀንሲው ፈቃድ ሲያወጣ የዋስትና ገንዘብ ያስይዛል፤ ውሉ ከተጣሰም ከአሠሪው ጋር አብሮ ይጠየቃል። እህታችን ደሞዟ ቢቀር ቤተሰቧ የሚያንኳኳው በር አለው ማለት ነው። በሩ ቶሎ ላይከፈት ይችላል፤ ግን በር ነው። የቦሳሶው ደላላ በር የለውም።

በእውነት በራሱ መሄድ ለሚፈልግም ሕጉ ቦታ ትቶለታል። ሙያ ያለው፣ አሠሪውን ራሱ ፈልጎ ያገኘ ሰው፣ ሥራው የቤት ሠራተኝነት እስካልሆነ ድረስ፣ ሚኒስቴሩ ሲፈቅድለት ያለ ኤጀንሲ በቀጥታ መቀጠር ይችላል። ነርሱ፣ ኤሌክትሪሻኑ፣ ብየዳ የሚያውቀው፣ ከባድ መኪና የሚነዳው ይህን ይወቅ። በራስ መሄድ ማለት ይህ ነው፤ ሙያህን በሰርተፊኬት ይዘህ፣ ውልህን አስመርምረህ፣ ስምህ ተመዝግቦ መሄድ። በዑምራ ቪዛ ገብቶ መቅረት ግን በራስ መሄድ አይደለም። ለዒባዳ ብለን የገባነውን ቃል አፍርሰን፣ ተደብቀን ሠርተን፣ ስንያዝ ከእስር ወደ አውሮፕላን የምንጫንበት መንገድ ነው።

መንግሥትም ድርሻውን ይስማ። በጥቅምት 2006 ወደ ዐረብ አገራት የሚደረገው የሥራ ጉዞ ታግዶ እስከ 2010 ቆየ። እገዳው ሰውን አላስቀረም፤ የደላላውን ገበያ አደራው እንጂ። በር ሲዘጋ ሰው በአጥር ይዘላል። ዛሬም ጅግጅጋ ላይ ሥልጠናው፣ የብቃት ምዘናው፣ ምዝገባውና የቅሬታ መስሚያው በቅርብና በሶማሊኛ ካልተገኘ፣ የደላላው ቢሮ የሰፈሩ ሻይ ቤት ሆኖ ይቀጥላል።

እኛ ቤተሰቦችስ? ልጃችን «ልሄድ ነው» ሲል ከመቆጣትና ከማልቀስ በፊት ተቀምጠን እንጠይቀው፦

1. የሚልክህ ማን ነው? ፈቃዱን ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ያውቀዋል?
2. የአሠሪው ስም፣ ከተማው፣ ደሞዙና የውሉ ዘመን በጽሑፍ አለ?
3. ጠቅላላ ወጪው ስንት ነው? የቱን አንተ፣ የቱን አሠሪው ይከፍላል?
4. ውሉ ቢፈርስ እዚህ አገር ውስጥ የምንጠይቀው ሰው ማን ነው?
5. የውሉና የፓስፖርቱ ኮፒ እኛ ጋ ይቀራል?

ለአምስቱም መልስ ካለ፣ ኤጀንሲም ይሁን ቀጥታ ቅጥር፣ በዱዓ እንሸኘው። መልስ ከሌለ ልጁ እየሄደ ሳይሆን እየተሸጠ ነው።

መጨረሻ ላይ ለአባቶች፣ ለአጎቶችና ለጎሳ ሽማግሌዎች አንድ ነገር ላንሳ። ማጋፌ ሲደውል በጥቂት ቀናት ውስጥ ከጅግጅጋ፣ ከድሬዳዋ፣ ከሚኒሶታ ገንዘብ ይሰበሰባል። ማንም «የለኝም» አይልም። ያ ልጅ ግን ከመሄዱ በፊት ለመንጃ ፈቃድ፣ ለሙያ ሥልጠና ወይም ለትንሽ ሱቅ መነሻ ሲጠይቅ ስንቶቻችን ስልኩን አነሳን? ለማጋፌ የምናዋጣውን ገንዘብ ግማሹን እንኳ አስቀድመን ብናዋጣ ብዙው ልጅ ወይ እዚሁ ሠርቶ ይኖራል፣ ወይ ሙያ ይዞ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ በበሩ ይወጣል። ወጣቱን ከመውቀሳችን በፊት ይህን ጥያቄ እንመልስ።

አሏህ ለልጆቻችን ሀላል ሪዝቅን በቅርብ ያድርግላቸው፣ በመንገድ ላይ ያሉትን ይጠብቅልን፣ በባሕርና በበረሃ የቀሩትን ይማርልን። አሚን።