ቁልፍ መጫን ፍተሻ አይደለም

ድሬዳዋ ፎቅ በፎቅ እየሆነች ነው፤ ደስ ይላል። «የእሳት ፓምፓችንን ከርቀት በስልክ እንፈትሻለን» የሚል ፉከራ ስንሰማ ግን እንጠይቃለን፦ ምኑን ነው የምትፈትሹት?

ሕንፃ ሲቃጠል ቶሎ የሚሄደው መብራት ነው፤ ወይ ገመዱ ይነዳል፣ ወይ ለደኅንነት ይቆረጣል። ያኔ የኤሌክትሪክ ፓምፑ ነፍስ በጄኔሬተሩና በቼንጅኦቨሩ እጅ ናት። ከርቀት ቁልፍ ሲጫን ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ይበራል። ጄኔሬተሩ ተነሣ ማለት ግን ፓምፑን ተሸከመ ማለት አይደለም። ፓምፕ ሲነሣ ብዙ ኃይል ይስባል፤ ባዶውን ሲያጓራ የከረመ ጄኔሬተር እዚያች ሰከንድ ላይ ሊንበረከክ ይችላል። በድሬ ሙቀት የደከመ ባትሪማ ጭራሽ ላያስነሣው ይችላል።

የአሜሪካው ኤንኤፍፒኤ 25 ደረጃ በዓመት አንዴ ፓምፑ ውሃ በከፍተኛ መጠን እየገፋ ሳለ መብራት እንደጠፋ ተደርጎ ይሞከር ይላል።

ደቻቱም አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በአንድ ሌሊት ግን ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ዝም ያለ ሁሉ ደህና አይደለም።

ባለሕንፃዎች ሆይ፣ ስልካችሁን አልጠላንም። ግን ባለሙያ ፓምፑ አጠገብ አቁሙ፣ ውሃው እየተገፋ ዋናውን መብራት አስቆርጡ። ውሃው ካልቆመ ያኔ እናምናችኋለን።